የኔታን የነከሰው በረሮ

ሰርክአዲስን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ስለ እሷ ሲያወራ መጀመሪያ የሚያነሣው ንጽሕናዋን ነው። ላሊበላ ውስጥ በአንድ ትልቅ ሆቴል የክፍሎች ጽዳት ኃላፊ ሆና ብዙ ዓመት ሠርታለች። አዲስ የተቀጠሩ ልጆች ይፈሯት ነበር። አንሶላ ላይ አንዲት እጥፋት ካየች አልጋው ይፈታና እንደገና ይነጠፋል። መታጠቢያ ቤት ውስጥ አንዲት ፀጉር ካገኘች አትቆጣም፣ አትጮህም፤ ልጅቷን ትጠራትና በጣቷ ብቻ ታሳያታለች። ያ ዝምታዋ ከቁጣ ይብሳል ይሉ ነበር። ቤቷም እንደዚያው ነው። እንግዳ ሳይታሰብ ቢመጣባት የምትደብቀው ነገር የላትም፤ ሰሃኑ ታጥቦ ተደፍቷል፣ ወለሉ ተወልውሏል፣ የውሃው ጀሪካን ሳይቀር ታሽቶ ነጥቷል።

እንግዲህ በረሮ የገባው እንዲህ ያለች ሴት ቤት ነው።

ጦርነቱ መጥቶ ቱሪስቱ ሲቀር ሆቴሉ ተዘጋ። ባለቤቱ ዕቃውን ሸጦ ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ሲል ሰርክአዲስን አስጠራትና ወጥ ቤቱ ውስጥ የነበረውን ትልቁን ነጭ ፍሪጅ «ውሰጂው፣ ለደከምሽበት ነው» አላት። የሰፈሩ ወንዶች ተጋግዘው፣ አቀበቱ ላይ እያረፉ፣ ተሸክመው አመጡላት። በዚያ ሰፈር ፍሪጅ ያለው ሰው አልነበረምና ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ወዲያው ግን መብራት ጠፋና ሳይመለስ ቆየ። ፍሪጁም ቁም ሣጥን ሆነ፤ አይጥ እንዳይደርስበት ብላ ዱቄቱን፣ ሽሮውን፣ በሶውን ሁሉ እዚያ ውስጥ ትከት ነበር። መብራቱ ሲመለስ ሰካችው። ሞተሩ እየተንገራገረ ተነሣ፤ ጀርባውም ሞቀ። ብርዱ አጥንት ድረስ በሚገባበት በላስታ፣ በዚያ ቤት ውስጥ እንደ ፍሪጁ ጀርባ የሚሞቅ ቦታ አልነበረም። ያን ጊዜ ግን ይህን ያሰበ ሰው የለም።

ቤቷ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ሥር ከነበረው አሮጌ ሰፈር የተነሡ ሰዎች ከሰፈሩበት በኩል ነው። ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» ይላል። ባሏ ቄስ ደግሰው ገነተ ማርያም ነው የሚያገለግሉት፤ ሰሞን ሲደርሳቸው እዚያው ይቆዩና ሲጨርሱ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ፋና የምትባል አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። ከእነሱ ጋር ደግሞ የቄስ ደግሰው አባት የኔታ ሀብተ ሥላሴ ይኖራሉ።

የኔታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ደቀ መዛሙርቶቻቸው በየደብሩ አሉ። አንድ ጧት ከመኝታቸው ሊነሡ ሲሉ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸውም ተሳሰረ። ከገጠር ቤታቸው አምጥተው፣ ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው ብለው፣ ሰርክአዲስ ዘንድ አስተኟቸው። አልጋቸው የተዘረጋው ፍሪጁ ባለበት ክፍል ነው። ክፍሉ ሞቅ ይላል፤ ለጓዳዋም ይቀርባል፤ ቢጠሯት ትሰማለች። አስባ፣ ተጨንቃ፣ ለእሳቸው ብላ የመረጠችው ቦታ ነበር።

ነገሩ የጀመረው የኔታ አንድ ቀን ጧት ፊታቸውን ስታጥባቸው ነው።

«ሰርኬ፣ ይነክሱኛል» አሏት፤ ምላሳቸው እየከበደ።

«ምን የኔታ? ምኑ ነው የሚነክስዎ?»

«እኔ ምን አውቄ። ብቻ እግር አላቸው።»

ሰርክአዲስ ትኋን ነው ብላ ደነገጠች። የዚያኑ ቀን ፍራሹን አውጥታ ፀሐይ ላይ አሰጣችው፣ አንሶላውን ቀቀለችው፣ የአልጋውን ስንጥቅ ሁሉ በፈላ ውሃ አጠበችው። አንድም ትኋን አልወጣም። የኔታ ግን በሳምንቱም «ይነክሱኛል» አሉ። ቄስ ደግሰው ከአገልግሎት ሲመለሱ ነገሩን ነገረቻቸው።

«ሽማግሌ አይደሉ? ሕመሙ ነው የሚያናግራቸው» አሉ ቄስ ደግሰው። «ጸበል አመጣላቸዋለሁ።»

ጸበሉ መጣ፤ የኔታም ተጠመቁ። ግን ከንፈራቸው ጥግ ላይ ቁስል ወጣ። መጀመሪያ ጭረት ይመስል ነበር። እየቆየ ቆዳው ተልጦ ቀላ፤ ሲደርቅ ደግሞ እንደገና ተላጠ። ቀጥሎ የማይታዘዘው የቀኝ እጃቸው ጣቶች ጫፍ ተቦረቦረ። ሽፋሽፍታቸው ሳይቀር ሳሳ። ጤና ጣቢያ ስትወስዳቸው የሚቀባ መድኃኒት ሰጧት፤ «አትክልት ይብሉ» አሏት። ቀባችላቸው፣ አትክልቱንም ፈጭታ አበላቻቸው፤ ቁስሉ ግን ባሰበት።

ሰርክአዲስን ይበልጥ ያንገበገባት ሌላ ነገር ነው። የየኔታ ደቀ መዛሙርት የነበሩ መምህራንና ቀሳውስት ሊጠይቋቸው ይመጣሉ። ጉልበታቸውን ይስማሉ፣ ይጨዋወታሉ፣ ከዚያ ዓይናቸው የየኔታ ከንፈር ላይ ያርፍና ይተያያሉ። አንድ እሑድ እንግዶቹን ሸኝታ በሩን ስትዘጋ፣ አንደኛው ገና ከመስኮቱ ሥር ሳይርቅ «ምን ይደረግ፣ በምራት እጅ መውደቅ እንዲህ ነው። አፋቸውን እንኳ የሚጠርግላቸው አጡ» ሲል ሰማችው።

ሰርክአዲስ በሩን ይዛ እንደቆመች ቀረች። በቀን ሦስቴ አራቴ የምታጥበው አፍ ነው። ወጥታ ልትናገር አሰበች፤ ግን ምን ልትል ነው? ቁስሉ በምን እንደመጣ እሷም አታውቅም።

ፋናም በዚያው ሰሞን ማሳል ጀመረች። ሲመሽ ደረቷ ያፏጫል፤ ትምህርት ቤት ስትሮጥ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ብርድ ነው ተባለና ሽሮፕ ተገዛላት። ሽሮፑ አለቀ፤ ሳሉ አላለቀም።

አንድ ዓርብ ሰርክአዲስ ለሠርክ ጸሎት ወጣች። ከመውጣቷ በፊት ለየኔታ አጥሚት አጠጥታቸው ነበር። ስትመለስ ጨልሟል፤ መብራትም ጠፍቷል። ፋና ጎረቤት ሄዳ ልትጫወት በሩን ገርበብ አድርጋ ትታው ነበር። ሰርክአዲስ የስልኳን መብራት አብርታ ወደ ክፍሉ ገባችና ወደ አልጋው አዞረችው።

የኔታ ዓይናቸው ፈጦ ጣሪያውን ያያሉ። ከንፈራቸው ላይ፣ ጢማቸው ውስጥ፣ አጥሚቱ በተንጠባጠበበት አገጫቸው ላይ ቡናማ በረሮዎች ተሰብስበው ይንቀሳቀሳሉ። ደህነኛው ግራ እጃቸው ከጋቢው ሥር ተጠቅልሎ ቀርቷል። አልጮሁም፤ አፋቸውን ግጥም አድርገው ዘግተዋል። መብራቱ ሲያርፍባቸው በረሮዎቹ ተበተኑ፤ ከፊሎቹ በጆሯቸው በኩል፣ ከፊሎቹ በትራሱ ላይ አልፈው ወደ ግድግዳው ሮጡ።

ሰርክአዲስ በባዶ እጇ ጠረገችላቸው። ጋቢውን አራገፈች፣ ትራሱን ወረወረች። ፊታቸውን በውሃ አጠበችው።

«የኔታ፣ ምነው ሳይጠሩ? ሰው በደጅ ያልፋል፤ ምነው ሳይጮሁ?»

አፋቸውን ቀስ ብለው ከፈቱ። «ብከፍተው ይገባሉ ብዬ ነው» አሉ። ቀጠሉናም «እግር አላቸው አላልኩሽም?» አሉ።

ሰርክአዲስ ወጥታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ሐዘን ብቻ አልነበረም፤ ንዴት ነው። ሽማግሌው ለወራት ሲናገሩ ሕመሙ ነው የሚያናግራቸው ተብለዋል። እሷም እየቀቀለች፣ እያጠበች፣ ከአልጋው ሥር ስትፈልግ ከርማ ግድግዳውን አላየችም። በረሮ የሚባል ነገር ሰው ይነክሳል ብላም አስባ አታውቅም።

በማግስቱ ጦርነት ከፈተች። ወለሉን በበረኪና አጠበች፣ ስንጥቅ ባየችበት ሁሉ የፈላ ውሃ ደፋች፣ ከሱቅ ፍሊት ገዝታ ነፋች። በረሮዎቹ አንድ ቀን ይጠፋሉ፤ በሁለተኛው ቀን ከሰሃኑ ሥር፣ ከጨው ዕቃው፣ ከፋና ደብተር መሐል ይወጣሉ። ፍሊቱ ሲነፋ ደግሞ የፋና ሳል ይብሳል። ሰርክአዲስ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ባንቺዓለም በዚያ ሰሞን ቤት ለቤት ስትዞር መጣች። ገና ወጣት ናት። ሰርክአዲስ ነገሩን ስትነግራት ባንቺዓለም አንገቷን ነቅንቃ የለመደችውን ጀመረች።

«እንግዲህ እትዬ ሰርኬ፣ ዋናው የግልና የአካባቢ ንጽሕና ነው። ቤት በየቀኑ መጥረግ፣ ዕቃ ማጠብ፣ ቆሻሻ...»

«ነይ» አለች ሰርክአዲስ። እጇን ያዘቻትና ወደ ጓዳ አስገባቻት። «ቆሻሻውን አሳይኝ። የቱ ጋ ነው? ከዚህ ድስት ውስጥ ነው? ከዚህ ወለል ላይ ነው? ልቅመሰው ወለሉን? አሳይኝ፣ ልጠርገው።»

ባንቺዓለም ዙሪያውን አየች። የምትጠቁመው ነገር አጣችና ፊቷ ቀላ። «እኔ ለማስቀየም አይደለም...» አለችና ምግብ ክደኑ፣ መጸዳጃ ቤቱንም ዝጉ ብላ ወጣች። ሰርክአዲስ ከኋላዋ በሩን ገጭ አድርጋ ዘጋችው። ኋላ ግን ልጅቷ ምን አደረገች ብላ ተጸጸተች።

ከዚያ የጎረቤቷ የሙሉሃብት ነገር መጣ። ሙሉሃብት ከግድግዳው ማዶ ሻይና ፓስቲ እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት። ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ ዱቄቱ፣ ቀኑን ሙሉ የሚነደው ምድጃ፣ ሁሉም ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ነው። ሰርክአዲስ በረሮዎቹ በግድግዳው ስንጥቅ በኩል ሲመላለሱ በዓይኗ አየች። ሄዳ በደግ ቃል ጀመረችላት።

«ሙሉዬ፣ ይህ በረሮ አስቸገረን እኮ። አንድ ቀን ተነጋግረን ሁለታችንም ቤት...»

«እኔ ቤት በረሮ የለም» አለች ሙሉሃብት፤ ፓስቲዋን እያገላበጠች።

«በግድግዳው በኩል አይቻቸዋለሁ።»

«ካየሻቸው ያንቺ ናቸዋ! ደንበኛ ቁጭ ባለበት በረሮ አለብሽ ትይኛለሽ? እንጀራዬን ልትዘጊው ነው?»

ሻይ የሚጠጡት ሰዎች ብርጭቋቸውን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩ። ሙሉሃብት ይህን ስታይ ጭልፋዋን ወረወረች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ ሴቶች ሰላምታ ተነፋፈጉ፤ ልጆቹም አብረው እንዳይጫወቱ ተከለከሉ።

ክፉው ቀን የመጣው ግን በዘመድ እጅ ነው። የቄስ ደግሰው ታናሽ ወንድም ምንይችል በሙጃ በኩል ገበሬ ነው። አባቱን ሊጠይቅ ሲመጣ የከንፈራቸውን ቁስል አይቶ አዘነ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ በውሃ መያዣ ፕላስቲክ ነጭ ፈሳሽ ይዞ መጣ፤ ለባቄላው ትል የሚረጨው መድኃኒት ነው። ሰርክአዲስ ቅዳሴ ሄዳለች። ቄስ ደግሰው ቤት ነበሩ። ወንድማማቾቹ ተማክረው፣ ስትመለስ ደስ ይበላት ብለው፣ ግድግዳውን፣ የአልጋውን ሥርና ጓዳውን ሁሉ ረጩት። የኔታን ማንሣት ከበዳቸውና በጋቢ ሸፈኗቸው። ፋና ከአያቷ እግር ሥር ተቀምጣ ታይ ነበር።

ሰርክአዲስ ገና ከበሩ ሳትደርስ ሽታው አፍንጫዋን መታው። ስትገባ ወንድማማቾቹ ዓይናቸው እያለቀሰ ወለሉ ላይ የሞተውን በረሮ ይጠርጋሉ። «አለቁልሽ!» አላት ምንይችል። ጋቢውን ገለጠችው። የኔታ ላብ አጥምቋቸዋል፤ ለሀጫቸው ይዝረከረካል፤ የዓይናቸው ብሌን እንደ ሰሊጥ ፍሬ አንሷል። ፋና ጥግ ላይ ተቀምጣ ትንፋሽ አጥሯት አፏን ትከፍታለች።

ሰርክአዲስ ከተጋቡ ጀምሮ ባሏን አንቱ ስትል ነው የኖረችው። ያን ቀን ግን «አንተ ሰውዬ! ልጄንና አባትህን ልትጨርስ ነው?» ብላ ጮኸችባቸው። ፋናን አዝላ ወጣች። ቄስ ደግሰውና ምንይችል አባታቸውን ከነአልጋው ተሸክመው በድንጋጤ ተከተሏት።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ሐኪሙ የኔታን መርፌ በመርፌ አደረጋቸው፤ ልብሳቸውን አስወልቆ ገላቸውን አሳጠባቸው። ለፋና ኦክስጅን ሰካላት። ቄስ ደግሰው ግድግዳ ተደግፈው መስቀላቸውን እንደያዙ ቆሙ፤ ምንይችል ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ራሱን ይዟል። ሲመሻሽ የኔታ ዓይናቸውን ገለጡ። ሐኪሙም ትንሽ ፋታ ሲያገኝ ቤተሰቡን ጠርቶ ተናገረ።

«የሰብል መርዝ ቤት ውስጥ አይረጭም። ምግቡ፣ አልጋው፣ ልብሱ ሁሉ ይመረዛል። ዛሬ እግዚአብሔር አትርፏቸዋል። ልጅቷ ግን ከዚህ በፊትም ይህ ትንፋሽ ማጠር ነበረባት?»

«ከወራት ጀምሮ» አለች ሰርክአዲስ።

«አስም ይመስላል። ቤታችሁ በረሮ አለ?»

ሰርክአዲስ ሳቀች። የማያስቅ ሳቅ ነበር፤ ሐኪሙም ግራ ገብቶት ቄሱን አየ።

«አለ ወይ ትለኛለህ? የመጣነው በእሱ አይደል?»

ሐኪሙ ታግሦ አስረዳት። የበረሮ ኩስና የሚጥለው ቅርፊት ደርቆ ከአቧራው ጋር ይነሣል፤ አንዳንዱን ልጅ ደረቱን ያፍነዋል። ከመጸዳጃ ቤት ወጥቶ እንጀራው ላይ ስለሚሄድ ተቅማጥም ያመጣል። ብዙ ሲሆንና ምግብ ሲያጣ የተኛ ሰው ይነክሳል፤ በተለይ እጁን አንሥቶ የማያባርረውን በሽተኛና ሕፃን። የሚመጣውም አፍና ጣት ላይ የቀረውን የምግብ ርዝራዥ ፈልጎ ነው።

ሰርክአዲስ ከንፈሯን ነከሰች። አጥሚቱን የምታጠጣቸው እሷ ናት። አፋቸውን የምትጠርገውም እሷ ናት፤ ግን ጢማቸው ውስጥ የሚቀረውን ማን አየው?

«ይህን ነገር» አለች በመጨረሻ፤ «ምነው መጀመሪያ የመጣን ጊዜ አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ?»

ያኔ ያየቻቸው ሌላ ባለሙያ ነበረች።

የኔታ ብዙ ቀን ተኝተው ተመለሱ። ቤቱ በሳሙናና በውሃ ታጠበ፤ ዱቄቱ ሁሉ ተደፋ፤ ሰሃኑ ሁሉ ተፈተገ። ምንይችል ከጎተራው እህል ጭኖ መጣ፤ ግን ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ቄስ ደግሰው ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ ይቀዳሉ። ቄስ ጀሪካን ተሸክሞ ሲሄድ ሰፈሩ ቢገረምም እሳቸው ግድ አልሰጣቸውም። በረሮውም ቢሆን አላለቀም። የዱቄቱ ከረጢት በተደፋ በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ትንሽ፣ ገና የተፈለፈለች፣ በሻማው ዙሪያ ስትሄድ ሰርክአዲስ አየቻት። ጫማዋን አነሣች፤ መልሳም አስቀመጠችው። ደከማት።

አንድ ጧት ባንቺዓለም ሳትጠራ መጣች። የሆነውን ሰምታለች። በሩ ላይ ቆማ «እትዬ ሰርኬ፣ ያን ቀን ያልኩሽ ነገር ልክ አልነበረም» አለች። «ደሴ ያለች የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ሆስፒታል ውስጥ ከዚሁ ጋር ነው የምትታገለው። ጠየቅኋት። መጀመሪያ መኖሪያቸውን ፈልጊ አለችኝ። ሙቀት ይወዳሉ፣ እርጥበት ይወዳሉ፣ ጠባብ ቦታ ይወዳሉ።»

ሁለቱም ክፍሉን ዞረው አዩ። ምድጃው ሌላ ክፍል ነው። የልብሱ ሳጥን ቀዝቃዛ ነው። ፍሪጁ እየተንገራገረ ቆሟል። ሰርክአዲስ እጇን ወደ ጀርባው ሰደደች፤ ይሞቃል።

«አይ፣ አይሆንም» አለች ለራሷ።

ተጋግዘው ከግድግዳው ሳቡት። ሰርክአዲስ በቢላ ጫፍ የጀርባውን ቆርቆሮ ብሎን ፈታችው። ቆርቆሮው ሲወርድ ባንቺዓለም ጮኻ ወደ ኋላ ዘለለች። ሞተሩ አይታይም። በረሮ በበረሮ ላይ ተደራርቦ፣ ትልቁ ትንሹ፣ እንቁላሉን ከጭራው ያንጠለጠለው፣ ቅርፊቱን የጣለው፣ ሁሉም ይርመሰመሳል። ኩሳቸው እንደ ቡና አተላ ተጋግሯል። የየኔታ ትራስ ከዚያ አንድ ክንድ አይርቅም።

ከሆቴሉ ወጥ ቤት አብረውት መጥተው ይሁን፣ በኋላ ከሙሉሃብት ቤት ገብተው የሞቀ ቤት አግኝተው ይሁን ማንም አያውቅም። ሰርክአዲስ አልጠየቀችም። ፍሪጁን ጎትተው ግቢ አወጡት፤ የፈላ ውሃ እየተቀባበሉ ደፉበት። ከመሬቱ ላይ የሰፈሩ ዶሮዎች ሲለቅሙ ዋሉ። በብርዱ ውጭ ካደረ በኋላ ቁራጭ ብረት የሚገዛ ሰው መጥቶ ወሰደው።

ባንቺዓለም ከመድኃኒት ቤት ቦሪክ የሚባል፣ በረሮ ሲበላው የሚገድለው ዱቄት አስገዛቻት። ከስኳርና ከዱቄት ጋር ለውሰው ትንንሽ እንክብል አድርገው ፋና ከማትደርስበት ከሳጥኑ ጀርባና ከጓዳው ጥግ አስቀመጡት። ቄስ ደግሰው ስንጥቁን ሁሉ በሲሚንቶ ደፈኑ። የየኔታ አልጋ ከግድግዳው ርቆ መሐል ላይ ቆመ። ጢማቸውም በፈቃዳቸው አጠረ። «ቅኔ በጢም አይቆጠርም» ብለው ፋናን አሳቋት። ምግብ በበሉ ቁጥር አፋቸውና ጣቶቻቸው በሳሙና ይታጠባሉ። ቁስሉ መድረቅ ጀመረ። ፋናም በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ተሰጣት፤ ደረቷ ማፏጨቱን ቀነሰ።

እዚህ ላይ ነገሩ ባለቀ ነበር። ግን በሙሉሃብት በኩል ያለው ግድግዳ ነበረ። አንዱ ስንጥቅ ሲደፈን ከጣሪያው በኩል በሌላ ይመጣሉ። ሰርክአዲስ የነፋችው ያ ሁሉ ፍሊት እኩሌታውን ወደዚያ ሳያባርረው አልቀረም፤ አሁን ደግሞ ይመለሳሉ። ባንቺዓለም ሄዳ ለመነቻት። ቄስ ደግሰውም መስቀል ይዘው ገቡ። ሙሉሃብት መስቀሉን ስማ «እኔ ቤት የለም፣ አባቴ» አለች። ሰርክአዲስ ይህን ስትሰማ ከግድግዳው ጋር ግንባሯን ልታጋጭ ምንም አልቀራት።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ግን ከግድግዳው ማዶ የሕፃን ጩኸት ተሰማ። የሕፃን ጩኸት ለጎረቤት አዲስ አይደለም፤ ይህ ግን ሌላ ነው። ሰርክአዲስ ገና ከመቀመጫዋ ሳትነሣ ሙሉሃብት ያለ ጫማ እየሮጠች መጣች። ትንሹን ልጇን ንጋትን ታቅፋዋለች። ልጁ ጆሮውን ይቧጥጣል፤ ራሱን ያላጋል።

«ሰርኬ! ገባበት! ተኝቶ እያለ ጆሮው ውስጥ ገባ! እግሩ ይታየኛል!»

ሙሉሃብት በፀጉር መያዣ ሽቦ ልታወጣው እየሞከረች ነበር። ሰርክአዲስ ሽቦውን ከእጇ ነጥቃ ጣለችው። «አትንኪው፣ ወደ ውስጥ ትገፊዋለሽ» አለች። ልጁን ጉልበቷ ላይ በጎኑ አስተኛችው፤ ሙሉሃብት እግሩን ያዘች። ሰርክአዲስ የምግብ ዘይቱን በማንኪያ ቀዳች፣ ትኩስ አለመሆኑን በእጇ ጀርባ አየች፣ ቀስ አድርጋ ጠብ ጠብ አደረገችበት። ልጁ ትንሽ ተንፈራገጠ፤ ከዚያ ጩኸቱ እየሳሳ ሄደ። ውስጥ የሚቧጥጠው ነገር ቆሞለታል። ይህን ዘዴ ባንቺዓለም ነበረች የነገረቻት። ተያይዘው ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ ሐኪሙም በቀጭን መቆንጠጫ የሞተውን በረሮ ስቦ አወጣና ነጭ ፋሻ ላይ አስቀመጠው።

ሙሉሃብት በረሮውን እያየች «አለ» አለች።

በመንገድ ሲመለሱ ሙሉሃብት የተኛውን ልጇን አዝላ ከኋላ ትከተላለች። ሰርክአዲስ «አላልኩሽም?» ልትላት ትችል ነበር። ቃሉ አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። ደስታ ግን አልተሰማትም፤ የተሰማት ንዴት ነው። የአንድ ሽማግሌ ከንፈር አልበቃ ብሎ፣ የአንዲት ልጅ ደረት አልበቃ ብሎ፣ የሕፃን ጆሮ መጨመር ነበረበት?

ከቤታቸው ሲደርሱ ሙሉሃብት ቆመች።

«ነገ ሱቁን እዘጋለሁ» አለች። «ነይና እንዳደረግሽው አድርጊልኝ።»

በማግስቱ ሁለቱም ቤቶች ባንድ ቀን ተገለበጡ። የሙሉሃብት መደርደሪያ ሲነሣ ከጀርባው የወጣውን ባንቺዓለም አይታ ውጭ ወጥታ ተነፈሰች። ስኳሩ ክዳን ባለው ባልዲ ገባ፤ የዘይቱ ጀሪካን ታጠበ፤ ግድግዳው በሁለቱም በኩል ተለሰነ። ሙሉሃብት እየሠራች ታለቅሳለች፤ እያለቀሰች ትሠራለች። ሰርክአዲስ አላጽናናቻትም፤ ባልዲ ብቻ አቀበለቻት።

የየኔታ ከንፈር ዳነ፤ ጥጉ ላይ ነጭ ጠባሳ ቀርቷል። ሊጠይቋቸው የሚመጡት ሰዎች «ተሻለዎ የኔታ? እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ያ በመስኮቱ ሥር የተናገረው መምህርም ይመጣል፤ ጉልበት ስሞ፣ ጠላውን ጠጥቶ፣ መርቆ ይሄዳል። ለሰርክአዲስ ግን አንድ ቃል ብሎ አያውቅም። ፋና መድኃኒቷን ከቦርሳዋ አትለይም። ያ ሕመም ጨርሶ ይሂድ አይሂድ ሐኪሙም አላወቀም።

በረሮም ጨርሶ አልጠፋም። ከሙሉሃብት ወዲያ ሌላ ቤት አለ፤ ከዚያም ወዲያ ሌላ። ሰርክአዲስ ጎረቤቶቿን በየበሩ ሄዳ አነጋግራቸዋለች፤ ግማሹ እሺ ብሏል፣ ግማሹ ስቆባታል። ስለዚህ በየቅዳሜው አልጋው ይነሣል፣ ሳጥኑ ይሳባል፣ እንክብሉ ይቀየራል። ባለፈው ቅዳሜ ከጓዳው ጥግ አንዲት አግኝታ በመጥረጊያው ስትመታት ቄስ ደግሰው ከገነተ ማርያም ገቡ። አቧራው ላይ ቆመው የተገለበጠውን ቤት አዩ።

«ዛሬም?» አሏት።

«ዛሬም» አለች፤ ቀና ሳትል።

ቄስ ደግሰው ነጠላቸውን አውልቀው ሰቀሉና የአልጋውን አንድ ጫፍ ያዙ።